ሁለት መቶ ሃያ ዘጠነኛው ማሻሻያ

ኤርጋሽ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ሃያ ስምንት የሥራ ማሻሻያ ጽፏል። ከነዚህ ውስጥ ሥራ ያሻሻለው ስንቱ ነው ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ አንድም የለም። እንዲያውም አንደኛው ሥራውን ገደል ከቶታል፤ እሱ ጋ ቀስ ብለን እንደርሳለን። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ሳብጠለጥለው በሐሜተኛነት እንዳትይዙኝ ነው።

ማርጊላን ከተማ ውስጥ ካሉት የሐር ፋብሪካዎች በአንዱ የክር መሳቢያው ክፍል ኃላፊ ነበር። በሥሩ አርባ ሴቶች አሉ። ሴቶቹ ትሉ ራሱን ጠቅልሎ የተኛበትን ጎጆ ከሚፋጅ ውሃ ገንዳ ውስጥ በጣታቸው እያገላበጡ የክሩን ጫፍ ይፈልጋሉ፣ የስምንት ጎጆ ጫፍ አንድ ላይ ያጋጥሙና ወደ መዘውሩ ይሰዱታል። ክሩ ከተበጠሰ እንደገና ጣት ወደ ውሃው ነው። ጎጆው ተስቦ ሲያልቅ ገንዳው ውስጥ የሚቀረው የተቀቀለው ትል ነው፤ ሽታው ደግሞ አይጣል ነው። ጸጉር ውስጥ ይገባል፣ ሻሽ ውስጥ ይገባል፣ ትዳር ውስጥ ይገባል። ዶሮ ግን ነፍሱ ነው። ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ የየሰፈሩ ዶሮ ተሰልፎ ይከተላቸዋል። ኤርጋሽን የተከተለ ዶሮ ኖሮ አያውቅም። ቢሮው በመስታወት የተከለለ ነው፣ እሱም ጠዋት ጠዋት ሽቶ ይረጫል።

ዘመኑ የዕቅድ ዘመን ነበር። የሐር ኪሎ ዕቅድ እንዳለ ሁሉ የማሻሻያም ዕቅድ አለ። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ በወር አንድ አዲስ አሠራር ማፍለቅ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ደግሞ ሠራተኞቹን ማስተማር ግዴታው ነው። ነገሩን ያሰቡት ሰዎች መጥፎ አላሰቡም። ኃላፊ የሆነ ሰው ሥራውን ይይ፣ ይጠይቅ፣ ይማር፣ ከትናንቱ ዛሬን ትንሽ የተሻለ ያድርግ ነው ያሉት። ችግሩ ማየትና መጠየቅ ቅጽ የላቸውም፤ ማሻሻያ ግን ቅጽ አለው። ኤርጋሽ ቅጹን ይዞ ቀረ።

በሩ አጠገብ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች። በረዶው ሲቀልጥ ወደ መስኮቱ ያዛውራትና "ለእያንዳንዷ ሠራተኛ በፈረቃ አራት ደቂቃ ታተርፋለች" ብሎ ይጽፋል። ወይን ሲለቀም ወደ በሩ ይመልሳታል፤ ይህም ሦስት ደቂቃ ያተርፋል። የውሃውን መክፈቻ ቀይ ይቀባዋል፣ ሁለት ደቂቃ። የሽርጥ መስቀያውን ሚስማር በስንዝር ዝቅ ያደርገዋል፣ አንድ ደቂቃ። ሁሉም ከነሥዕሉ ነው፤ ሥዕል ላይስ እጁ ይባረክ። ሴቶቹ ወንበሯን "ሐጂዋ" ይሏት ነበር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሄድ ኖራ ከክፍሉ ወጥታ የማታውቅ ሐጂ።

ማርጊላን ውስጥ ሰው ሲሰደብ እንኳ በአንቱታ ነው። በዚህ ወግ የተካነችው ማስቱራ ነበረች፣ ከክር ሳቢዎቹ ሁሉ ትልቋ። በዕድሜ ብትበልጠውም ለሥልጣኑ ስትል "ኤርጋሽ አካ" ትለዋለች፣ ታላቄ እንደማለት። እሱም "ማስቱራ አፓ" ይላታል፣ እትዬ እንደማለት። አንድ መኸር ላይ ወንበሯን ሲያስጎትት አይታ፣ ሐጂዋ ደክሟታል፣ ዘንድሮ እንኳ እርስዎ ቢዛወሩላት ምን ይመስልዎታል ብላው ሠላሳ ዘጠኙም ሴት ሳቁን በሻሹ አፍኖ ነበር። ኤርጋሽ አልሰማሁም ብሎ አለፈ፣ ግን አልረሳውም።

ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ትምህርት አለ። ሴቶቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፣ ኤርጋሽ ከዋና ከተማው ከታሽኬንት የመጣውን መጽሔት ያነብላቸዋል። ስለ ክሬን አነበበላቸው፣ ስለ መርከብ ብየዳ አነበበላቸው፤ በሐር ጉዳይ የደረሰ መጽሔት አልነበረም። እያንዳንዷ ጭኗ ላይ የተጀመረ ዶፒ፣ ማለትም ጥልፍ ቆብ ታስቀምጣለች፣ እጇም ከጠረጴዛው ሥር ይንቀሳቀሳል። ኤርጋሽ እየጠለፉ መሆኑን ያውቃል፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል። በዚህ ቸርነቱ ይኮራ ነበር፤ ሌላ ኃላፊ ቢሆን ዶፒውን ይነጥቃቸዋል እያለ ለሰው ያወራል።

አሁን ወደ ቁጥር አንድ እንምጣ። ኤርጋሽ ወጣት ሳለ፣ ገና ኃላፊ ሳይሆን፣ ጎጆዎቹ በሁለት መጋዘን ይቀመጡ ነበር፤ የተራራው ባንዱ፣ የሜዳው በሌላው። ሴቶቹ ሁለቱ ጋ ይመላለሳሉ። ኤርጋሽ ሰዓት ይዞ ቆመና መመላለሱ አሥራ አንድ ደቂቃ እንደሚፈጅ አየ። ታዲያ ለምን ባንድ መጋዘን አይከመርም? ጻፈ፣ ሳለ፣ ተፈቀደ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ክፍሉንም ሰጡት። ሌሎቹ ማሻሻያዎች የጨዋታ መሆናቸውን ልቡ ያውቃል። ቁጥር አንድን ግን ያምንበት ነበር፤ ከአልጋው ራስጌ በመስታወት ሰቅሎታል።

ማስቱራ በዚያው ዓመት ወደ ቢሮው ሄዳ ነግራዋለች። የተራራው ጎጆ ደንዳና ነው፣ ውሃው ውስጥ መቆየት ይፈልጋል። የሜዳው ስስ ነው፣ ከቆየ ይሟሟል። ባንድ ገንዳ ሲገቡ አንዱ እስኪላላ ሌላው ይበጣጠሳል። ኤርጋሽ አዳመጣትና ሥዕል አለሽ ወይ አላት፤ ያኔ ገና አንቺ ይላት ነበር። በሦስተኛው ዓመት ደግማ መጣች፣ በሰባተኛውም መጣች። በሰባተኛው ሐሳብዎ በአጀንዳ ተይዟል ብሎ ሸኛት። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ዕቅዱ በየዓመቱ ይሞላ ስለነበር እሱም ሴትየዋ ተሳስታ ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት መኸር ላይ ከታሽኬንት ዲልሾድ የሚባል ወጣት የሂሳብ ባለሙያ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ሻይ ሲቀዱለት የሚያመሰግን፣ ሲቀልዱለት የማይስቅ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ከዚያ በፊት ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ማሻሻያዎቹ የተቀመጡበትን ቁም ሣጥን ከፍቶ ሁለት መቶ ሃያ ስምንቱንም አነበበ። ማንበቡ ሳያንስ ደመረው። ረቡዕ ዕለት ኤርጋሽን ወደ ዳይሬክተሩ ወደ ሆሺም ቢሮ አስጠሩት።

"ጓድ ኤርጋሽ፣" አለው ዲልሾድ፣ "በወረቀቶችዎ መሠረት አንዲት ሠራተኛ በፈረቃ አምስት መቶ አሥራ አንድ ደቂቃ ታተርፋለች። ፈረቃው ደግሞ አራት መቶ ሰማንያ ደቂቃ ነው።"

ኤርጋሽ ትንሽ አሰበና "እንግዲህ ትንሽ ትርፍ አለው ማለት ነው" አለ።

ማለትም ሴቶቹ ሥራቸውን የሚጨርሱት ከመምጣታቸው ሠላሳ አንድ ደቂቃ በፊት ነው። እዚህ ላይ ሦስቱም ቢስቁ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ዲልሾድ ግን አልሳቀም። ወረቀቶቹ ሁሉ ላይ ከታች እስከ ታሽኬንት አሥራ ሰባት ሰው ፈርሞባቸዋል፤ አሥራ ሰባት ሰው የፈረመበት ነገር ውሸት ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ትርፍ ሰው አለ። ለመጀመሪያው ዙር አሥራ አራት ሴቶች ወደ ጡብ ፋብሪካው ይዛወሩ ብሎ ወሰነ። ለሐር ሠራተኛ ብቻ የሚሰጠው የቀደመ ጡረታም እዚያ አይከተላቸውም። ሆሺም በበኩሉ ፊቱ በርቶ ኤርጋሽን አቀፈው። ሰኞ በአዳራሹ ኒሻን ይጠለቅለታል፣ ከዚያም ምክትል ዋና መሐንዲስ ይሆናል። እስከ ቅዳሜ የአሥራ አራቱን ስም ጽፎ ማምጣት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ወሬው ከኤርጋሽ ቀድሞ ሻይ ቤት ደረሰ። የማርጊላን ወንድ ሻይ ከመጠጣት በፊት ሰው በቀልድ መብላት ይወዳል። ከመቀመጡ አንዱ ተነሥቶ፣ ኤርጋሽ አካ ባለቤትዎን አላሻሻሏትም እንዴ፣ ልጆቹንማ በዘጠኝ በዘጠኝ ወር ነው የወለደችው አለው። ሌላው ቀጠለና፣ እሱ ሲሞት ቀባሪ አያስፈልገውም፣ አስቀድሞ ተቀብሮ ይጠብቀናል አለ። ኤርጋሽ አብሮ ሳቀ። ሻዩን ግን ሳይጨርስ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ወረቀት ዘረጋ። የመጀመሪያው ስም አላስቸገረውም፤ ማስቱራ ብሎ ጻፈ። ጡረታዋ አንድ ዓመት ተኩል እንደቀረው ያውቃል፣ ግን ሐጂዋም ትዝ ብላዋለች፤ ሆድ ሲብስ ፍርድ ይጠፋል። ሁለተኛዋን ጻፈ፣ ሦስተኛዋን ጻፈ። ከዘጠነኛዋ በኋላ ብዕሩ ቆመ። የሌሎቹን ስም አያውቀውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረውት ከኖሩት ከአርባ ሴቶች የዘጠኙን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የቀሩትን በፊርማቸው ነው። አፈረ። ለማን እንደሚያፍር ስላላወቀ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ነገ ሐሙስ ነው፣ ትምህርት ላይ ስማቸውን እለቅማለሁ አለ።

ሐሙስ ሴቶቹ ጠረጴዛውን ከበቡ። ኤርጋሽ ስለ ድልድይ ግንባታ እያነበበ በዓይኑ ፊታቸውን ሲቆጥር እርሳሱ ወደቀበት። ሊያነሣው ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለም ቀረ።

ከጠረጴዛው ሥር የሚጠልፍ እጅ የለም። የእያንዳንዷ ሽርጥ በጎጆ ሞልቶ ጉልበቷ መካከል ተንጠልጥሏል፤ ሰማንያ እጅ ሳይታይ በዳበሳ ብቻ ይመርጣል፣ ደንዳናውን በቀኝ ዘንቢል፣ ስሱን በግራ ዘንቢል። ዶፒዎቹ ጭን ላይ ለይስሙላ የተቀመጡ ናቸው። የማስቱራ ዶፒ ግማሹ ተጠልፏል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ያቺን ግማሽ ዶፒ አምናም ካቻምናም፣ ከዚያም በፊት ማየቱ ትዝ አለው።

ቀና ሲል አርባውም ሴት ታየዋለች።

"ይቀጥሉ እንጂ፣" አለችው ማስቱራ፣ "ድልድዩ መሀል ላይ አቆሙንኮ። ካላነበቡ እጃችን አይሠራም፤ ከድምፅዎ ጋር ለምዷል።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሰባተኛው ዓመት ወዲህ ብቻ አይደለም፣ ከመጀመሪያውም ዓመት ጀምሮ ሴቶቹ ቁጥር አንድን አልተቀበሉትም። እሱ ባንድ የከመረውን እነሱ በስውር ይለያዩታል፤ ሐሙስ ሐሙስ ብዙውን፣ የቀረውን ምሳቸውን እየተዉ። ዕቅዱ ይሞላ የነበረው ለዚህ ነው። ኤርጋሽ በመጽሔቱ ባሕር በሚሻገርበት ሰዓት ክፍሉን የሚያኖረው ሥራ ከአፍንጫው ሥር ይሠራ ነበር። የእሱ ድርሻ ማንም እንዳይገባ ሰዓቱን በንባብ መያዝ ነው፤ እሱንም ሳያውቀው።

ማስቱራ ተነሥታ ወደ ገንዳዋ ወሰደችው። እጅዎን ያስገቡ አለችው። አስገባና አወጣ። እንደገና ያስገቡ አለችው። መጀመሪያ ከመጋዘኑ የመጣውን ድብልቅ ሰጠችው። ክሩ ተበጠሰ፣ ፈለገ፣ ተበጠሰ፣ ፈለገ፣ ጣቱ የሰው ጣት መሆኑ ቀረ። ዘጠኝ ጊዜ ከተበጠሰበት በኋላ ገንዳውን ደፍታ ከግራው ዘንቢል ስሱን ብቻ ጨመረችለት። ክሩ ያለ አንዳች ኮሽታ ይመዘዝ ጀመር፣ መዘውሩም ሳይቆም ዞረ።

"ስሜ ስንተኛ ላይ ነው?" አለችው፤ ወሬው እሷም ጋ ደርሷል።

"አንደኛ፣" አላት፤ መዋሸት አቃተው።

"እሰይ። በዚህ ክፍል አንደኛ ወጥቼ አላውቅም ነበር።"

አልለመነችውም፣ አላለቀሰችበትም፣ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ዘንቢሏን ጉልበቷ መካከል ያዘች። ብትረግመው ይሻለው ነበር። ቤቱ ሲሄድ ቁጥር አንድን ከራስጌው አወረደውና ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ አራት ማዕዘን ሲያይ ያን ጊዜ ሆዱ ባባ። ሌላውን ሁሉ ሲዋሽ ያቺን አንዷን እውነት ብሎ ነበር የኖረው።

ቅዳሜ ስሞቹን ሲጠይቁት ሰኞ በአዳራሹ አመጣለሁ አለ። ሰኞ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሆሺም ኒሻኑን በቀይ ጨርቅ ይዞ ቆሟል፣ ዲልሾድ ከጎኑ ተቀምጧል። ንግግር ያድርጉ ሲሉት ኤርጋሽ ከኪሱ አንድ ቅጽ አወጣ። ሥዕል የለውም።

"ማሻሻያ ቁጥር ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ፣" ብሎ አነበበ። "ከቁጥር አንድ እስከ ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ያሉት ይሰረዙ። የሚተርፍ ደቂቃ፤ የለም። የሚተርፍ ሰው፤ የለም። ጎጆው በሁለት መጋዘን ይቀመጥ።"

ሆሺም ቶሎ ብሎ ጓድ ኤርጋሽን ትኩሳት ይዞታል አለ። ዲልሾድ ግን መነጽሩን አስተካክሎ ጠየቀ፤ ሁሉም ውሸት ከሆነ ዕቅዱ በየዓመቱ በምን ተሞላ? ኤርጋሽ የራሱን ጥፋት መናገር ይችላል፤ ሴቶቹ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጸደቀ አሠራር መጣሳቸውን ግን ከአፉ ማውጣት አልፈለገም። ቢቀጧቸውስ? ቅጹን አጠፈው፣ ዘረጋው።

ያኔ ማስቱራ ከኋላ ተነሣች። "እኛ ነን የሞላነው፣" አለች። "ኤርጋሽ አካ ሲያነቡ እኛ ስንለቅም። ጥፋት ከሆነ አርባችንንም ጡብ ፋብሪካ ይውሰዱን፣ እዚያም የሚነበብ ነገር አይጠፋም።" ከዚያ ሠላሳ ዘጠኙም አንድ በአንድ ተነሡ።

የቀረው በዝግ ቤት ሆነ። ዲልሾድ ልቡ ንጹሕ ልጅ ነውና እንደገና ደመረ፤ ማሻሻያዎቹ ከተሰረዙ በሂሳቡ መሠረት ክፍሉ እንዲያውም ሰባት ሴት ይጎድለዋል አለ። ይህን ሲሰማ ሆሺም ደነገጠ። ሰባት ሰው ጨምሩልኝ ለማለት የአሥራ ሰባት ሰው ፊርማ ውሸት ነው ማለት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ሁለት መቶ ሃያ ስምንቱም ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሱ፣ አርባውም ሴት በቦታዋ ቀረች፣ ኒሻኑም ወደ ጨርቁ ገባ። ኤርጋሽ በጤና ምክንያት፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ከኃላፊነት ተነሥቶ የመጋዘን ሠራተኛ ሆነ። በምትኩ የመጣው ኃላፊ ጎጆው በሁለት መጋዘን ይቀመጥ የሚለውን ወደደውና እንደ ራሱ ሐሳብ ከነሥዕሉ ጻፈው፤ ቁጥር አንድ አለው። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሐጂዋን ወደ መስኮት አዛወራት።

ኤርጋሽ ክረምቱን ሙሉ የተራራውንና የሜዳውን ጎጆ ሲሸከም ከረመ። የሁሉንም ስም አወቀ፤ በአርባ ገንዳ መሀል ዘንቢል ይዞ የሚዞር ሰው ሳያውቅ አይቀርም። ሽቶው ሲያልቅ ሌላ አልገዛም። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ሻይ ቤት በር ላይ ያሉት ወንዶች በአገጫቸው ወደ ኋላው ጠቆሙ፤ ዘወር ሲል አምስት ዶሮ ከኋላው ተሰልፏል። የዚያን ዕለት ማን ምን እንዳለው አልጽፈውም፣ ልጆችም ያነቡት ይሆናል።

በረዶው ሲቀልጥ ማስቱራ ለልጅ ልጇ ግርዛት ድግስ ጠራችው። እንደ ወጉ ገና በጠዋቱ ሩዙ በሥጋና በካሮት ተሠርቶ ቀረበ። ኤርጋሽ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ሕፃኑን እንዲመርቁት አመጡት፣ ሦስት ዓመቱ ነው። ራሱ ላይ ያለው ዶፒ ትንሽ ሰፍቶት ጆሮው ላይ ወርዷል። ግማሹ ጥልፍ ደብዝዞ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል፣ ሌላው ግማሽ ትናንት እንደተጠለፈ ነጭ ነው።

"ዘንድሮ ጨረስኩት፣" አለችው ማስቱራ። "ሐሙስ ሐሙስ አሁን እጃችን ሥራ ፈቷል።"

"ይሄ በዚህ በኩል ያለውስ?" አለ ኤርጋሽ የደበዘዘውን እየነካ።

"እሱ የአባቱ ነው። ለአባቱ ግርዛት ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ እርስዎ ጋዜጣ ላይ በወጡበት ዓመት።" ሳህኑን ወደሱ ገፋ አደረገችው። "ይብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።"

የሕፃኑ አባት ሻይ እየቀዳ ሲዞር ኤርጋሽ ጋ ደረሰ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጢም አውጥቷል፣ ባዶ ራሱን ነው። እንግዳ ሲከበር እንደሚደረገው ግማሽ ሲኒ ብቻ ቀዳና በሁለት እጁ ሰጠው፣ ኤርጋሽም በሁለት እጁ ተቀበለው።